ኢምፓየሩን ያሸነፈው አንድ ሰው አይደለም

የአየርላንድ የነፃነት ትግል በተነሣ ቁጥር ማይክል ኮሊንስ ይነሣል። ታሪኩም ሁሌ አንድ መልክ አለው፤ ከኮርክ ገጠር የወጣ የገበሬ ልጅ ሱፉን ለብሶ በብስክሌት ደብሊንን ያካልላል፣ በሚያድኑት ወታደሮች መሀል ሰተት ብሎ ያልፋል፣ ሰላዮቻቸውን እየለቀመ ያስገድላል፣ በመጨረሻም የዓለምን ሩብ የሚገዛ ኢምፓየር ለድርድር ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒል ጆርዳን የሠራውና በቬኒስ ፌስቲቫል የወርቅ አንበሳን ያገኘው ፊልም ይህንኑ ትረካ ለዓለም አዳረሰው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው የአየርላንድ አብዮት የአንድ ሰው አብዮት ነው።

ይህን ትረካ እቃወማለሁ። ኮሊንስን ለማሳነስ ብዬ አይደለም፤ በ31 ዓመቱ የተቀጨ፣ ያለውን ሁሉ ለሀገሩ የሰጠ ሰው ነው። የምቃወመው ትረካው በመሠረቱ የገዢዎቹ ስለሆነ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የእንግሊዝ አገዛዝ መቀመጫ በነበረው በደብሊን ካስል የተሰየሙት ሹማምንትና የለንደን አለቆቻቸው አመፁን የጥቂት ነፍሰ ገዳዮች ሥራ፣ ጥቂቶቹንም የአንድ ሰው ታዛዦች አድርገው አዩ። እኛ የለወጥነው ስድቡን በውዳሴ ብቻ ነው። እነሱ ወንጀለኛ ያሉትን እኛ ጀግና አልነው፤ ሥዕሉ ግን እነሱ የሣሉት እንደሆነ ቀረ።

ገዢዎቹ ምን ሳያዩ እንደቀሩ ለመረዳት ከጥይቱ በፊት የነበረውን የምርጫ ኮሮጆ ማየት ያስፈልጋል። በታኅሣሥ 1918 በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ ነፃነትን የሚጠይቀው ሺን ፌን ፓርቲ ከ105 የአየርላንድ መቀመጫዎች 73ቱን አሸነፈ። ተመራጮቹ ወደ ለንደን ፓርላማ አንሄድም ብለው ጥር 21 ቀን 1919 ደብሊን ላይ ዶል የተባለውን የራሳቸውን ምክር ቤት መሠረቱ። ኮሊንስ በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። የፓርቲውን መሪ ዴ ቫሌራን ከሊንከን እስር ቤት ለማስመለጥ እንግሊዝ ሀገር ነበር። በዚያው ዕለት በቲፐራሪ አውራጃ፣ ሶሎሄድቤግ በሚባል ስፍራ፣ የአካባቢው ታጣቂዎች ሁለት ፖሊሶችን ገደሉ። ያዘዛቸው ኮሊንስ አልነበረም፤ ምክር ቤቱም አልነበረም። የጦርነቱ መጀመሪያ ተብሎ የሚቆጠረው ጥቃት የመሪዎቹን ፈቃድ ሳይጠብቅ ከገጠር ተነሣ።

ለንደን ለዚህ ሁሉ የሰጠው መልስ በመስከረም 1919 ምክር ቤቱን ሕገ ወጥ ብሎ ማገድ ነበር። የተመረጠ ሸንጎ ከሕግ ውጭ ሲደረግ በገዢው ዓይን የሚቀረው ሽጉጥ የያዘው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የመንግሥት ንግግር ሁሉ ስለ ነፍሰ ገዳዮች ቡድን ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ኅዳር 9 ቀን 1920 በለንደን ጊልድሆል አዳራሽ ቆሞ ግድያን ጉሮሮውን አንቀን ይዘነዋል ሲል ፎከረ። በ12ኛው ቀን፣ ኅዳር 21፣ የኮሊንስ ሰዎች በማለዳ በደብሊን ቤት ለቤት ዞረው በስለላ የተጠረጠሩ የእንግሊዝ መኮንኖችን ገደሉ። ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ኃይሎች ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ገብተው ኳስ በሚያይ ሕዝብ ላይ ተኮሱ፤ ተጫዋቹን ማይክል ሆጋንን ጨምሮ 14 ሰው ሞተ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ በምዕራብ ኮርክ፣ ኪልማይክል ላይ፣ በቶም ባሪ የተመራ የገጠር ጓድ 17 የረዳት ፖሊስ ኃይል አባላትን ገደለ።

የተለመደው ትረካ ከእነዚህ ሁነቶች የማለዳውን ይመርጥና ኮሊንስ የእንግሊዝን ዓይን አጠፋ ይላል። እኔ ሦስቱንም አንድ ላይ እንድናያቸው እጠይቃለሁ። ሎይድ ጆርጅ ያን ፉከራ ያሰማው መረጃ ስላነሰው ብቻ አልነበረም። አንገቱ የሚታነቅ አንድ አካል አለ ብሎ ስላመነ ነው። ኪልማይክል ላይ ያደፈጡት የገበሬ ልጆች ግን አንገታቸው ደብሊን አልነበረም። ትእዛዝ አልጠበቁም፤ ከዋናው መምሪያ መሣሪያ የሚደርሳቸውም ጥቂት ነበር። የክፍለ ሀገር አዛዦች በዚህ ምክንያት በደብሊን ላይ ያሰሙት የነበረው ምሬት በየማስታወሻቸው ተጽፎ ይገኛል።

ገዢ መንግሥት አንድ ራስ የሚፈልገው ለምንድን ነው? አመፁ የአንድ ሰው ከሆነ አገዛዙ ራሱን መጠየቅ አያስፈልገውም። ሰውየውን መያዝ ወይም መግደል ይበቃል። አመፁ የሕዝብ ከሆነ ግን እዚህ ምን እያደረግን ነው፣ ማንስ ፈቀደልን የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ለዚህ ጥያቄ ከ1918 ምርጫ በኋላ ለንደን መልስ አልነበራትም። ስለዚህ አንድ ሰው ማደን ከጥያቄው መሸሻ ሆነ።

ነገር ግን አፋቸው አንድ ሰው ቢልም እጃቸው ሌላ ይናገር ነበር። መጋቢት 20 ቀን 1920 ሌሊት ፊታቸውን ጥላሸት የቀቡ ሰዎች የኮርክ ከተማ ከንቲባ የነበረውን የቶማስ ማክ ከርተንን ቤት ሰብረው ገቡና መኝታ ክፍሉ በር ላይ ተኩሰው ገደሉት። በሕጉ መሠረት የአሟሟት ምርመራ ተከፈተ፤ ከከተማው ነዋሪዎች የተውጣጡ ዳኞች ተሰየሙ፤ ምስክር ሰሙ። ሚያዝያ 17 ቀን ብይናቸውን ሰጡ። ግድያውን የፈጸመው የአየርላንድ ንጉሣዊ ፖሊስ ነው፤ የመራውም የእንግሊዝ መንግሥት ነው አሉ። በስም ጠርተው ጥፋተኛ ካሏቸው መካከል አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ራሱ ነበር።

እነዚህ ዳኞች ታጣቂ ሆነው አይደለም የፈረዱት። መንግሥት በጠራቸው ሸንጎ፣ መንግሥት ባወጣው ሕግ፣ በመንግሥቱ ራስ ላይ ፈረዱ። የለንደን መልስ ምን ሆነ? በዚያው ዓመት ነሐሴ በወጣው አዲስ አዋጅ እንዲህ ያለው የሕዝብ ምርመራ ተነሥቶ የወታደር አጣሪ ጉባኤ እንዲተካው ተደረገ። ጠላት አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ከኮርክ ነዋሪዎች የዳኝነት ወንበር መንጠቅ ለምን አስፈለገ?

ተመሳሳይ ጥያቄ በየመንደሩ ይነሣል። የመንግሥቱ ኃይሎች ለብቀላ በወጡ ጊዜ ካቃጠሏቸው ነገሮች መካከል ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ያቋቋሟቸው የቅቤ ማውጫ ቤቶች ነበሩ። በታኅሣሥ 1920 የኮርክን መሀል ከተማ ሲያጋዩ የከተማው ማዘጋጃ ቤትና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ አብረው ነደዱ። በብስክሌት የሚዞር አንድ ሰው የሚያድን መንግሥት የገበሬውን ወተት ቤት ምን ብሎ ያቃጥላል? ያቃጠሉት እጆች ማንን እንደሚዋጉ ያውቁ ነበር። በአደባባይ የሚናገረው አፍ ግን እውነቱን ማመን አልቻለም።

እውነቱ ደግሞ ከጥይት ይልቅ በሰነድና በችሎት ይታይ ነበር። በ1920 በተካሄዱት የአካባቢ ምርጫዎች አብዛኞቹ የአውራጃ ምክር ቤቶች በሺን ፌን እጅ ገቡና ለደብሊኑ ሸንጎ ታማኝነታቸውን አወጁ። በዚያው ዓመት ግንቦት በማዮ አውራጃ፣ ባሊንሮብ ከተማ፣ የሪፐብሊኩ የመሬት ችሎት ተሰየመ። መሬት የሌላቸው ድሆች የአንድን እርሻ ይዞታ ሲጠይቁ ችሎቱ ግራ ቀኙን ሰምቶ ለባለ ይዞታዎቹ ፈረደ። ተሸናፊዎቹ አንቀበልም አሉ። ያን ጊዜ የአካባቢው በጎ ፈቃደኛ ታጣቂዎች እምቢ ካሉት የተወሰኑትን ይዘው በኮሪብ ሐይቅ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ አሰሩ።

ይህን ፍርድ ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ነፍሰ ገዳይ የተባሉት ሰዎች ሊደግፏቸው ይችሉ በነበሩ ድሆች ላይ ሳይቀር፣ ሕግ ይከበር ብለው፣ ለባለ ይዞታ የተሰጠ ፍርድ አስፈጸሙ። ወሬው ሲሰማ ቀድሞ በእነሱ ሲጨነቁ የነበሩ ባለ ርስቶች ሳይቀሩ አቤቱታቸውን ወደዚህ ችሎት ይዘው መምጣት ጀመሩ። የንጉሡ ፍርድ ቤቶች ባለጉዳይ አጡ። አንድ መንግሥት ከሥልጣን የሚወርደው ያኔ ነው፤ ሰው ጥሉን ይዞ ወደ ሌላ ደጃፍ ሲሄድ። ለዚህ የሚሆን ጥይት ኮሊንስ አልነበረውም፤ የሚያቆመው ጥይትም ደብሊን ካስል አልነበረውም።

ባቡሩም እንዲሁ ነበር። ከግንቦት 1920 ጀምሮ የወደብ ጫኝና አውራጆች የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ አናወርድም አሉ። የባቡር ሠራተኞች ተከተሉ፤ የታጠቀ ወታደር ከተሳፈረ ሾፌሩ ባቡሩን አያንቀሳቅስም። ሰባት ወር ያህል ጸኑ። ብዙዎቹ ከሥራ ተባረሩ፣ ደመወዛቸውን አጡ፣ ልጆቻቸው ተራቡ። ስማቸውን ዛሬ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የጦሩን እንቅስቃሴ ለወራት ያደናቀፉት ግን እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ የሚነሣብኝን ትልቁን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። የኮሊንስ የስለላ መረብ ባይኖር ደብሊን ካስል መሪዎቹን በአንድ ሌሊት ለቅሞ ትግሉን በአጭሩ ይቀጨው ነበር ይባላል። ይህ ግን አስቀድሞ ተሞክሯል። በግንቦት 1918 መንግሥት ከጀርመን ጋር አሲረዋል ብሎ የታወቁትን የሺን ፌን መሪዎች በአንድ ሌሊት አፈሰ። ውጤቱ ምን ሆነ? ከሰባት ወር በኋላ ፓርቲው መሪዎቹ እስር ቤት እያሉ ምርጫውን ጠራርጎ ወሰደ። በ1920 መጨረሻም ከመሪዎቹ አንዱ የሆነው አርተር ግሪፊዝ ታሰረ፤ ብዙ ሰው ያለ ፍርድ ወደ እስር ካምፕ ተጋዘ። የ1921 የመጀመሪያ ወራት ግን ከሁሉ የከፉ የጦርነት ወራት ሆኑ። ለእንግሊዞች ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባቸው። ራሱን ቆረጥነው ባሉ ቁጥር አካሉ መራመዱን አላቆመም።

የስለላ መረቡ ራሱ ከምን ተሠራ? ሚያዝያ 1919 ላይ ኮሊንስ በሌሊት ወደ ደብሊን የመርማሪ ፖሊስ መዝገብ ቤት ገብቶ የጠላቱን ሰነዶች እስኪነጋ አገላበጠ። ፊልም ሠሪዎች የሚወዱት ትዕይንት ነው። በሩን የከፈተለት ግን ኔድ ብሮይ የተባለ የዚያው ፖሊስ ጸሐፊ ነው። ብሮይ የኪልዴር ገጠር ልጅ ነበር። ምሥጢራዊ ሪፖርት በታይፕ ሲመታ አንድ ካርቦን ቅጂ ጨምሮ ያወጣል፤ ያንን ቅጂ ለታጋዮቹ ያስተላልፋል። ይህን ማድረግ የጀመረው ከኮሊንስ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ነው። በካስሉ ውስጥ ለጦሩ ትጽፍ የነበረችው ሊሊ መርኒንም የመኮንኖችን ስምና አድራሻ ታወጣ ነበር። ብትያዝ ምን እንደሚደርስባት ታውቃለች፤ በማግሥቱም ሥራ ትገባለች።

የኮሊንስ ትልቅነት ይህን ድፍረት መፍጠሩ ላይ አይደለም፤ ያገኘውን ድፍረት በሥርዓት ማደራጀቱ ላይ ነው። በ15 ዓመቱ ለንደን ሄዶ በፖስታ ቤት የቁጠባ ባንክ የጸሐፊነት ሥራ የጀመረ፣ መዝገብ መያዝ የሚያውቅ ሰው ነበር። የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ የመራው የሸንጎው ብድር አየርላንድ ውስጥ ብቻ 370,000 ፓውንድ ያህል ሰበሰበ። ገንዘቡ ከትንንሽ ኪሶች በደረሰኝ የተሰበሰበ፣ ሲገኝ የሚያሳስር ገንዘብ ነው። ገዢዎቹ ሽጉጥ ታጣቂውን ሲፈልጉ ኮሊንስ ደብዳቤ እየመለሰና ሒሳብ እያወራረደ ነበር። ሒሳቡም ሚዛን የሚደፋው ከፋዩ ስለከፈለ ነው።

ሐምሌ 11 ቀን 1921 ተኩስ ሲቆም፣ ኮሊንስም ለድርድር ለንደን ሲገባ የገዢዎቹ ዓይን የተለወጠ ይመስላል። ትናንት ነፍሰ ገዳይ የተባለው አሁን ቁም ነገረኛ፣ አብሮት ሊሠራ የሚቻል ሰው ተባለ። ከእንግሊዝ ተደራዳሪዎች አንዱ የነበረው ቸርችል ራሱ የጻፈው አንድ ምሽት አለ። ኮሊንስ ቀንና ሌሊት አሳደዳችሁኝ፣ በራሴ ላይ ዋጋ ቆረጣችሁ ብሎ በምሬት ይናገራል። ቸርችል ተነሥቶ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን በመስተዋት የተሸፈነ ወረቀት ያሳየዋል። በ1899 ከፕሪቶሪያ እስር ሲያመልጥ ቦሮች ለያዘው 25 ፓውንድ እንሰጣለን ብለው ያወጡት ማስታወቂያ ነው። የአንተማ 5,000 ነው፣ የእኔን ተመልከት ይለዋል። ኮሊንስ ይስቃል፤ በመካከላቸው የነበረው በረዶ ይቀልጣል።

ይህ ታሪክ የሁለት ጀግኖች መተዋወቅ ተብሎ በፍቅር ይነገራል። እኔ ሳነበው ልቤ ይቆጣል። የኮሊንስ ምሬት የአንድ ተሳዳጅ ምሬት አልነበረም፤ ከኋላው የነደደ ከተማ፣ በስታዲየም የወደቁ ሰዎች፣ ብሪክስተን እስር ቤት ውስጥ ለ74 ቀናት ምግብ አልቀምስም ብሎ የሞተው፣ ማክ ከርተንን የተካው የኮርክ ከንቲባ ቴሬንስ ማክስዊኒ ነበሩ። ቸርችል ይህን ሁሉ ከክፍሉ አስወጥቶ ሁለት የታደኑ ጎበዞች ዋጋቸውን የሚያወዳድሩበት ጨዋታ አደረገው። ቁጣው ወደ ጨዋነት ተለወጠ እንጂ ዕይታው አልተለወጠም። አሁንም አንድ ሰው ብቻ ነው የሚታየው፤ ቀድሞ ይገደል የተባለው አሁን ይግባባን ተባለ።

ለንደን በዚህ ዕይታ መሠረት ሠራች። ሎይድ ጆርጅ የአየርላንድን ልዑክ ከፋፍሎ ከግሪፊዝና ከኮሊንስ ጋር በጠባብ ክፍል መነጋገርን መረጠ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1921 ማታ ደግሞ ፈርሙ፣ አለዚያ በሦስት ቀን ውስጥ ጦርነት ነው አለ። በማግሥቱ ሳይነጋ ተፈረመ። ስምምነቱ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የምለው ለንደን የአንድን ሰው ፊርማ የሀገር ፊርማ አድርጋ እንደቆጠረች ነው። ስሕተቷም ወዲያው ታየ። ሸንጎው ስምምነቱን ያጸደቀው በ64 ለ57 ድምፅ ብቻ ነው። በመጋቢት 1922 ብዙው የሪፐብሊኩ ጦር ጉባኤ ተቀምጦ አልቀበልም አለ። ኮሊንስ በእርግጥ የአመፁ ራስ ቢሆን ኖሮ እጅና እግሩ በታዘዙት ነበር። አልታዘዙም። ከዚያ ከተከተለው የእርስ በርስ ጦርነት የበለጠ ማስረጃ የሚያሻው አለ?

ሰኔ 22 ቀን 1922 ፊልድ ማርሻል ሄንሪ ዊልሰን ለንደን ውስጥ ሲገደል የእንግሊዝ መንግሥት ፎር ኮርትስ የተባለውን የደብሊን ፍርድ ቤት ሕንፃ የያዙትን ተቃዋሚዎች አስወጣ ብሎ ኮሊንስን አስጨነቀ። ከስድስት ቀን በኋላ ከእንግሊዝ ጦር በተዋሱት መድፍ አየርላንዳውያን በአየርላንዳውያን ላይ ተኮሱ። ነሐሴ 22 ቀን ኮሊንስ ራሱ በተወለደበት አውራጃ፣ ቤል ና ብላ ላይ፣ በትናንት ጓዶቹ ጥይት ወደቀ። ግሪፊዝ ከአሥር ቀን በፊት ሞቶ ነበር። በስምምነቱ የተቋቋመው አዲሱ መንግሥት ግን አልፈረሰም፤ ኮዝግሬቭ መሪነቱን ተረክቦ ቀጠለ። ተቃዋሚዎቹም እስከ 1923 ግንቦት ድረስ ተዋጉ።

አየርላንዳውያን ራሳቸው ጦርነቱን ያሸነፈው ሰው ብለውት የለም ወይ የሚል ይኖራል። አዎ፣ ግሪፊዝ በሸንጎው ክርክር እንዲያ ብሎታል። የመከላከያ ሚኒስትሩ ካሃል ብሩዋ ደግሞ ተነሥቶ ጋዜጦች ከልክ በላይ ያገነኑት የበታች ሹም ነው ሲል ዘለፈው። ንግግሩ በቂም የተሞላ ስለነበር የገዛ ወገኑን ጎዳ። ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ሀገር ስለ ስምምነት መከራከር ሲገባው ስለ አንድ ሰው ተከራከረ። የገዢው ሥዕል ተሻግሮ ነፃ ሊወጡ በነበሩት ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ሳይቀር ተቀመጠ።

ከእንግሊዝ ወገን የገባቸው አልነበሩም አልልም። በግንቦት 1920 የግምጃ ቤቱ ከፍተኛ ሹም ዋረን ፊሸር ደብሊን ካስልን መርምሮ አስተዳደሩን ክፉኛ የሚነቅፍ ሪፖርት ለመንግሥቱ አቅርቧል። የካስሉ ሹም አልፍሬድ ኮፕም በምሥጢር ከሺን ፌን ጋር መነጋገሪያ በር ይፈልግ ነበር። ያወቁት ግን በምሥጢር ብቻ ነው ያገለገለው፤ በአደባባይ ማደኑና ማቃጠሉ እስከ ሐምሌ 1921 ቀጠለ። የገዢ መንግሥት ዕውርነት ሁሌ ካለማወቅ አይመጣም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማወቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ ካለመፈለግ ነው።

ስለዚህ ይህ ክርክር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ሕዝብ በተነሣ ቁጥር ከኋላው ማን አለ ብሎ መጠየቅ የገዢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ጀግና የሚል ቢሆንም ጥያቄው ያው ነው። ሕዝብን የሚያከብር ሰው ሌላ ይጠይቃል። ሰው ጥሉን ወደ የትኛው ችሎት ይወስዳል? ገንዘቡን በፈቃዱ ለማን ይከፍላል? የትኛውን ባቡር አልነዳም ይላል? በ1920 እነዚህን የጠየቀ ሁሉ የእንግሊዝ አገዛዝ በአብዛኛው አየርላንድ ማክተሙን ኮሊንስን ሳያይ ባወቀ ነበር። ኮሊንስንም የሚያከብረው ከሕዝቡ በላይ የሚሰቅለው ሳይሆን በኮርክ ዳኞች፣ በባቡር ሾፌሮቹ፣ በብሮይና በሊሊ መርኒን መካከል የሚያቆመው ነው። ነፃነቱን ያመጡት እነሱ ናቸው፤ እሱም ከእነሱ አንዱ ነበር።